ለአገሩ የማይሠራ ፓስፖርት

መተማ ደርሼ የተመለስኩት በአምስት ቀን ነው። ይህንኑ ጉዞ በመምህራን ክበብ ሦስት ጊዜ ተርኬዋለሁ፤ በሦስቱም ጊዜ ጀግናው እኔ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ከአዘዞ ወዲያ ቆላ ወርደው ስለማያውቁ የሚያርመኝ አልተገኘም። ጡረታ ወጥቼ በጽሑፍ ላሰፍረው ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ አለ። ስለዚህ መተማን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማታዩ፣ የሆነውን እንደ ሆነ እጽፋለሁ። እንደ ጀግና የጠበቃችሁኝ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው ከሚሌኒየሙ በዓል በፊት በነበረው ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ታላቅ ወንድሜ ዳኛቸው በቀይ ሽብር ዘመን ከጎንደር ወጥቶ ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ አካባቢ በስደተኛ ሰፈር ኖረ፣ አገባ፣ ሰናይት የምትባል ልጅ ወለደ፣ እዚያው ሞተ። ሰናይት እናቷም ስትሞትባት በሃያ ሁለት ዓመቷ የድንበሩን ድልድይ ተሻግራ መተማ ዮሐንስ ገባች፤ እዚያም ቆማ ቀረች። ሱዳን ብትወለድም ሱዳናዊት አይደለችም፤ የስደተኛ ልጅ ናት። የስደተኛነት ወረቀቷም አባቷን ያሰደደው መንግሥት ከወደቀ ወዲህ «አሁንማ አገራችሁ ግቡ» ተብሎ አልታደሰም። አገሬ ብላ ስትገባ ደግሞ የመተማው ቀበሌ «መታወቂያ እንድንሰጥሽ ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ» አላት።

መሸኛ ማለት ቤት የቀየረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የለቀቅኸው ቀበሌ «ይህ ሰው እስካሁን የእኛ ነበር፣ ከእንግዲህ የእናንተ ነው» ብሎ የሚጽፍልህ ደብዳቤ ነው። የስደተኛ ሰፈር መሸኛ አይጽፍም። ያለ መታወቂያ ደግሞ ወደ ጎንደር የሚያወጣውን ኬላ ማለፍ አይቻልም። ቀበሌው ጊዜያዊ ይለፍ ሦስት ጊዜ አራዘመላት፤ የመጨረሻው ዓርብ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ማዶ መመለስ ነው፤ ማዶም የሚያውቃት የለም። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ የአባቷ ወንድም ከራሱ ቀበሌ የቤተሰብ ማስረጃ አሽጎ ይዞ፣ ከሦስት ምስክሮች ጋር፣ ሐሙስ በሚሰበሰበው ኮሚቴ ፊት ከቀረበ። ያ ወንድም እኔ ነኝ፤ መምህር አስናቀ እንግዳ፣ የታሪክ አስተማሪ። ዓይኗ እየፈዘዘ የመጣ እናቴ «የልጄን ልጅ መልክ ሳላይ ዓይኔ ከጠፋ በደሉ ያንተ ነው» ብላ ሸኘችኝ።

ሰኞ

ሙሉ ሱፍ ከነሰደርያው ለብሼ መናኸሪያ ደረስኩ። መንግሥት ፊት ለሚቀርብ ሰው ልብሱ ግማሽ ማስረጃው ነው ብዬ አምን ነበር። የታሸገውን ፖስታ በኮቴ የውስጥ ኪስ፣ በልቤ በኩል አኑሬዋለሁ። ጎንደር ጥቅምት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ማንም አልሳቀብኝም። የሳቁት አይከልን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ነው፤ እነሱ ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ እኔ ሰደርያዬን ቆልፌ ተቀምጫለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ደምስ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ እንደሱ ያለውን የቀን ሠራተኛ ቆለኞቹ «ሳሉግ» ይሉታል። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። የት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ፣ እንደ አስተማሪ ወግ፣ ከጥንቱ ጀመርኩለት።

«ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ» አልኩት፣ «መንግሥታቸው ዜግነታቸውን የነጠቃቸው ሩሲያውያን አውሮፓን አጥለቀለቁት። ከእልቂት የተረፉ አርመኖች ተከተሏቸው። አንዱ አገር ያስወጣቸዋል፣ ሌላው አያስገባቸውም። በዚህ ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር አገር ለሌለው ሰው የሚሆን ፓስፖርት ፈጠረ።»

«ላዩ ላይ የማን አገር ስም ይጻፍበታል?» አለ ደምስ።

ከሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼ ይህን የጠየቀኝ የለም። «የሰጠው አገር ስም» አልኩት፤ «ግን ባለ ወረቀቱ ዜጋዬ አይደለም ተብሎ ነው።»

«እንግዲያ እንግዳን ግባ ብሎ ቁጭ በል አለማለት ነዋ!»

እኔ ግን ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ወጣው የስደተኞች ስምምነት አልደረስኩም ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ደምስ እንቅልፍ እንደወሰደው ያወቅሁት ከኋላችን ያለች ሴትዮ «መምህር፣ ልጁ ተኝቷል፤ ለእኔ ይቀጥሉልኝ» ስትለኝ ነው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ሁሉንም አስወረደ። ደምስ መታወቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከውስጥ ሱሪው ኪስ አወጣ፤ ግራና ቀኝ እየተገላበጠ ታየበት። እኔን ፖሊሱ ሱፌን አይቶ «አባት፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ። መታወቂያዬን እንኳ አልጠየቀኝም። ይህን እንደ ትልቅ ክብር ቆጥሬ እስከ ነጋዴ ባሕር ድረስ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ከነጋዴ ባሕር ወዲያ ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ነፍስ የለውም። ሾፌሩ ሌላ ጎማ ፍለጋ በጭነት መኪና ሲሄድ እኛ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የጎንደር ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ሰው አትመታም፤ የዚያኛዋ ግን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ትወጣለች። ቆሜ ስለ ንጉሣውያን የይለፍ ደብዳቤ ለሴትዮዋ እያስረዳሁ ሳለ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ራሴ ደምስ ጉልበት ላይ ነው፤ ከቢጫ ጀሪካኑ ውኃ ፊቴ ላይ ያፈስሳል። ለሦስት ቀን ያሰበውን ውኃ ግማሹን እኔ ላይ ጨረሰው። «ሰደርያውን ልፍታልዎት?» ሲለኝ «ኧረ ተወው» አልኩት። ክብር ይሉት ነገር ከሞትም በኋላ የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ገንዳ ውኃ ስንደርስ መሽቷል። የአጨዳ ሰሞን ስለሆነ አንድም አልጋ አልተገኘም። አንዲት ባለ ሆቴል ግቢዋ ውስጥ በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ፣ አንገረብ የሚሉትን፣ ዘርግታ አስተኛችኝ። ጎንደር ሦስት ጋቢ ደርቤ የምተኛ ሰው እዚያ ያለ አንሶላ ማደሬን ለሚስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ

ኮኪት ላይ መንገዱ በሠራተኛ ተሞልቶ ነበር። የእርሻ ባለቤቶች ከፒካፕ ላይ ቆመው ሰው ይመርጣሉ፤ አጫጆቹ በአገር በአገራቸው ተቧድነው ይጠብቃሉ። ደምስ ወርዶ የጎጃሞቹ መሀል ከመግባቱ በፊት በመስኮት እጄን ጨበጠኝ።

«መምህር፣ ለልጅቷ ሲመሰክሩ አያስረዝሙት» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ምክር በሕይወቴ አልተሰጠኝም፤ አልተከተልኩትም እንጂ።

መተማ ዮሐንስ ከአውቶቡስ ስወርድ አንዲት ረጅም ቀጭን ልጅ ቀጥ ብላ መጣች። ፎቶዬን አይታ አታውቅም። እንዴት ለየሽኝ ብላት «ላብዎን በእጅጌዎ ሲጠርጉ አየሁ፤ አባቴ እንደዚያ ነበር» አለችኝ። ከጎንደር ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ «የወንድሜ አጥንት ፍላጭ» ብሎ የሚጀምር። አንዱም ቃል አልመጣልኝ። አቀፍኳት፤ ሱፌ ላይ የተጣበቀው የሰሊጥ ገለባ ነጠላዋን ያዘው።

ያረፍነው ሰናይትን ባስጠጓት በእትዬ ከድጃ ቤት ነው። እትዬ ከድጃ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም ከነባላቸው ሱዳን ተሰደው፣ ወንድሜን ከስደተኛው ሰፈር ጀምሮ ያውቁታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መተማ ተመልሰው ፉልና ሻይ ይሸጣሉ። ሰናይት ትረዳቸዋለች። ግቢው ውስጥ ከሸንበቆ የተሠራ ዳስ አለ፤ እዚያ አስቀምጠው ቀዝቃዛ ከርከዴ አጠጡኝ። በቀለሙ ወይን ጠጅ መስሎኝ «ይህማ ለምስክርነቱ ይበጀኛል» ብዬ ሁለት ብርጭቆ ደረብኩ። አበባ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ መሆኑን ሰናይት ስትነግረኝ እትዬ ከድጃ ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ምሳ ቀረበ፤ ዶሮ ወጥ። እኔ የክርስቲያን ዶሮ እንጂ የእስላም አልበላ፣ እሳቸውም የእኔን አይበሉ፤ እንዴት ልበል ብዬ ስጨነቅ ነገሩ ገባቸው።

«ብላ፣ መምህር» አሉኝ። «ጎረቤቴ ወለተ ማርያም በቤቷ፣ በድስቷ፣ በእጇ የሠራችው ነው። ያረደውም ባሏ ነው። የዳኛቸውን ወንድም ጦሙን አላሳድረውም ብዬ ነው።»

እኔ ከጎንደር ስመጣ ለቤቱ አንድ ኪሎ ቡና እንኳ አልያዝኩም፤ ሦስት መጽሐፍ ግን ይዣለሁ።

ከምሳ በኋላ ሰናይት ከሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። አባቷ ለሕክምና ካይሮ ሊሄድ አውጥቶት፣ ሳይሄድበት የሞተው የጉዞ ሰነድ ነው። ሽፋኑ ጥግ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት፤ የስደተኛ ሰነድ ምልክት ነው። ለዓመታት ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁ፤ በእጄ ይዤው አላውቅም። አፍሬ የምጽፈው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ መሆኑን ነው፤ ብርቅ ዕቃ ያገኘ ሰው ደስታ። መስመሮቹን እየዳሰስኩ ገለጻ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የወንድሜ ፎቶግራፍ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ወጥቶ ሲሄድ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሸብቶ አላየሁትም። ገለጻዬ እዚያ ቆመ።

ሰናይት ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይቺን ያንብቧት» አለች።

እንግሊዝኛውን አነበብኩት። «ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል።»

«አባቴ እንግዳ ሲመጣ ይቺን እያሳየ ይስቅ ነበር» አለች። «‹ዓለም በሙሉ የእኔ ነው፣ ጎንደር ስትቀር› ይል ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ አይደል? ወላሂ ውሸት ነው። እኔ ሳላውቀው ናፍቆኝ ነው ያደግሁት።»

ረቡዕ

የዚህ ቀን ጥፋት የደግነት ጥፋት ነው። ጠዋት ስነሳ ሱፌ የለም። እትዬ ከድጃ «ነገ መንግሥት ፊት የሚቀርብ ሰው በአቧራ ልብስ አይሄድም» ብለው፣ ሳልነቃ ከነሰደርያው በፈላ ውኃና በሳሙና አሽተው፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። ለሠርጌ ያሰፋሁት የእንግሊዝ ሱፍ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሲደርቅ የኮቱ እጅጌ ክርኔ ላይ ቀረ፤ ሱሪው ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል። እትዬ ከድጃ ሲያዩት ፊታቸው ዓመድ መሰለ።

«ሳጥበው እኮ ትልቅ ነበር» አሉ። ለማልቀስ ጥቂት ነው የቀራቸው።

«አይዞዎት፣ እኔም ስመጣ ትልቅ ነበርኩ» አልኳቸው። በዚያ ጉዞ ከተናገርኩት ሁሉ ያለ ዝግጅት የወጣ እውነት ይህ ብቻ ይመስለኛል። እሳቸውም ወደ ውስጥ ገብተው የሟች ባላቸውን ነጭ ጀለቢያ አመጡልኝ። ለብሼው ስወጣ ንፋሱ ከታች ገብቶ በአንገቴ ሲወጣ፣ ከጎንደር ከተነሳሁ ጀምሮ መጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ። ፖስታው ከእጥበቱ ተርፏል፤ ሰናይት አስቀድማ ከኪሱ አውጥታው ነበር።

ጦም ስለነበር ፉል በዘይት በላን። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሌሎች ምስክሮች ይዘን መጣን፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ሌላው ጋሪ ነጂ፣ ሁለቱም ከዚያው የስደተኛ ሰፈር የተመለሱ ናቸው። ሦስተኛዋ እትዬ ከድጃ ናቸው። ሰናይት ድልድዩን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ስለ ድንበሩ ጦርነት ሁለት ሰዓት ማውራት እችል ነበር፤ እሷ ግን ወደ ማዶ ጣቷን ቀስራ «ነገ ካልሆነልን ዓርብ በዚያ ነው» አለች። «እዚያ ሄጄ ማን ነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» ፖስታው አለ ብዬ ብቻ አጽናናኋት።

ሐሙስ

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው፤ የእኛ ትምህርት ቤት የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ያክላል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው ሊቀመንበር፣ አንዲት ጸሐፊ፣ እና አባ ተገኘ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ገበሬ። እኔ በሱዳን ጀለቢያ፣ ከሥር በጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ስለ ኢትዮጵያዊነት ልመሰክር ገባሁ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ባለ ጉዳዩ እኔ መስዬው «መሸኛ አለዎት?» አለኝ።

ምስክሮቹ ባጭሩ ተናገሩ። እኔ ግን ተነሥቼ ከመንግሥታት ማኅበር ጀመርኩ። ወደ አርመኖቹ ስደርስ ሊቀመንበሩ «መምህር፣ ፖስታውን ይስጡን» አለኝ።

ቀደደው። አነበበ። ደግሞ አነበበና ቀና አለ።

«መምህር፣ የአቶ እንግዳ ስንተኛ ልጅ ነዎት?»

«ሁለተኛ። የመጀመሪያው የሰናይት አባት ዳኛቸው ነው።»

«ከጎንደር የመጣው ግን ‹በማኅደራቸው ባለው ቅጽ መሠረት የአባታቸው ብቸኛ ልጅ መሆናቸውን አረጋግጠናል› ይላል።»

«የጸሐፊ ስህተት ነው!» አልኩ፤ ሳላስበው፣ በክፍል ውስጥ ድምፄ።

ሊቀመንበሩ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቅጂ ወደ እኔ አዞረው። የደርግ ዘመን የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ነው። «ወንድምና እህት» ከሚለው ፊት ለፊት «የለኝም» ተብሎ ተጽፏል። እጅ ጽሑፌን ሠላሳ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ስለሆነ ጎንደር ውስጥ የማያውቀው የለም፤ «ለ»ዋ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

ረስቼው ነበር ብዬ ብጽፍ ታምኑኝ ይሆናል። እኔ ራሴን አላምነውም። ሰው ያደረገውን አይረሳም፤ የማያይበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ያን ዓመት ሱዳን የገባ ሰው ቤተሰብ በዓይነ ቁራኛ ይጠበቅ ነበር፤ እኔም ገና ተቀጥሬ አንድ ዓመቴ ነው። ከመሞት መሰንበት ብዬ ወንድሜን በአንድ ቃል ሰረዝኩት። ቅጹ ከማኅደር ወደ ማኅደር ተገለበጠ፤ መንግሥት ሲለወጥ ያ ቃል አልተለወጠም። ስለ አገር አልባዎች ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ አንዷን በገዛ እጄ የሠራሁ ነኝ።

ይህንን ሁሉ ለኮሚቴው ነገርኳቸው፤ ያለ መግቢያ፣ ያለ ታሪክ። ሰናይት አጠገቤ ቆማለች። ወደሷ ለማየት አልደፈርኩም።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተጨንቋል። «ያኔ በፊርማዎ የለኝም አሉ፤ ዛሬ በአፍዎ አለኝ ይላሉ። የትኛውን ልመን? ነገ የበላይ ቢጠይቀኝ የእርስዎን ፊርማ ነው የሚያሳየኝ።»

እትዬ ከድጃ «ያ ረቢ» ሲሉ ተሰማኝ። ጸሐፊዋ ማኅደሩን መዝጋት ጀመረች። ያን ጊዜ አባ ተገኘ በትራቸውን ወለሉ ላይ ወጋ አደረጉና ሰናይት በእጇ የያዘችውን የአባቷን የጉዞ ሰነድ ጠየቁ።

«ይቺ ምን ትላለች? አንብብልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ ጎንደር፣ አነበብኩ። የልጆች ገጽ ላይ የተጻፈውን የሰናይትን ስም አነበብኩ። ከዚያ «ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል» የሚለውን አነበብኩ።

«እስቲ ድገማት።»

ደገምኩላቸው።

«ኬንያ ግባ ይላል?»

«አዎ።»

«እንግሊዝ ግባ ይላል?»

«አዎ።»

«ከሁሉ ለይቶ እኛ ጋ ብቻ አትግባ ይላል። ለምን?» ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ሰው የሚሸሸው ከቤቱ ነው። የሰው ቤት ቢሆን ምን ብሎ ይከለክለዋል? ይቺ ወረቀት የዚህ ሰው አገር የት እንደሆነ ስሙን ጠርታ ተናግራለች። ሌላ ምን ምስክር ትሻለህ? የዚህኛው ወንድም ደግሞ ፈርቶ ነበር። እኔም ያኔ ስንቱን ፈርቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመጨረሻ ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «እንግዲያው ያኔ የሞሉት ሐሰት መሆኑን በእጅዎ ይጻፉና ይፈርሙ። ለጎንደርም እንልከዋለን። በሐሰት መሙላት ቢያስጠይቅዎት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። የሚያስቀው ይህ ነው፤ እንደገና ፈራሁ። ጡረታዬ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው። ትምህርት ቢሮ ቢሰማስ? ውኃ ጠየቅሁ፤ ጠጣሁ። ሌላ ውኃ ጠየቅሁ። ሰናይት ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ «ካልፈለጉ ይተዉት፣ አጎቴ» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ለእኔ አዝና። ከዚያ ነው የጻፍኩት። «ዳኛቸው እንግዳ የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ነበረኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ማንም አላረመኝም።

ማኅተሙ ሲመታ ጋሪ ነጂው አጨበጨበ። መታወቂያው ከሰዓት በኋላ ተሰጠን። ሰናይት ፎቶዋን እያየች «አፌን ከፍቼ ነው የተነሳሁት» አለች፤ ልታስቀይረው ግን አልፈለገችም።

ዓርብ

እትዬ ከድጃ የሰባተኛ ክፍል ሱፌን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለእናቴ አንድ ኪሎ ከርከዴ ጨምረው፣ ከአውቶቡሱ ሥር ቆመው ሸኙን። ጀለቢያውን ልመልስ ስል «ልበሰው፤ ባሌ ጎንደርን እንደናፈቀ ነው የሞተው፤ እሱም ይግባ» አሉኝ። ሰናይት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልለቅ ብላ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ኬላው ላይ ያው ፖሊስ ነው። ዛሬ በጀለቢያ አላወቀኝም፤ «አባት፣ ውረድ» ብሎ መታወቂያዬን ፊትና ኋላ መረመረ፤ ዕድሜዬን ጠየቀ፣ ሥራዬን ጠየቀ። የሰናይትን ደግሞ አየት አድርጎ «እሺ፣ ግቢ» አላት። አንድም ቃል አልጨመረ። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ መታወቂያውን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

ዳገቱን ስንጀምር ንፋሱ ቀዘቀዘ። ከትናንት ጀምሮ ስለ ቅጹ አልተነጋገርንም። ከብዙ መንገድ በኋላ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«አባቴም እኮ እንደዚያው ነው ያደረገው።»

«ምን አደረገ?»

«ሰፈሩ ሲገባ የሚመዘግቡት ሰዎች ወንድም አለህ ወይ ሲሉት የለኝም አለ። መሀላችን ጆሮ አለ፣ እዚህ የተጻፈ ስም ጎንደር ይደርሳል ተብሎ ይወራ ነበር። እርስዎን እንዳይነኩብዎት ነው። የለኝም ብሎ ሲወጣ አለቀሰ። ከኋላው የተሰለፈች ልጅ ወንድሙ የሞተበት መስሏት ‹እግዜር ያጽናህ› አለችው። እናቴ ናት። የተዋወቁት እንደዚያ ነው።»

«እርስዎስ?» አለችኝ ዞራ። «ሲጽፉ አለቀሱ?»

ልዋሻት እችል ነበር፤ ልምዱም ነበረኝ። «አላለቀስኩም» አልኳት። «ቅጹን ያላስረከበ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሰጠውም ተብሎ ነበር። ቶሎ ሞላሁና ተሰለፍኩ። ሁለት ኪሎ ደርሶኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።»

ብዙ ጊዜ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ቁጣም ነበር፤ ነበር እላለሁ፤ የሚገባኝ ስለሆነ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ እጄ ገፋችው።

«እንግዲያው አሁን ያልቅሱ» አለች።

አይከል እስክንደርስ አለቀስኩ።